እናቴ የጮኸች ዕለት

እናቴ መርሳ ገበያ ማንጎ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ሰባት ልጅ ስትወልድ አንድ ቀን «እህ» ስትል የሰማ ጎረቤት የለም። ሕመምን ጥርስ ነክሶ ማሳለፍ ለእሷ ክብር ነበር። ስለዚህ ዐይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ገላዋን እያሳከካት፣ «ድካም ነው» እያለች ስንት ወር እንደከረመች አላህ ነው የሚያውቀው።

ወልድያ ወስጄ ሳስመረምራት ሐኪሙ ጉበቷ መቆጣቱን ነገረን። ምክንያቱን ለማወቅ ግን ከጉበቷ ላይ በመርፌ ትንሽ ናሙና መወሰድ ነበረበት። በማግስቱ ይህን የሰማው ታናሽ ወንድሟ ከውርጌሳ ከተፍ አለ።

«እታለም፣ ጉበቱ በመርፌ ተነክቶ የተረፈ ሰው አይተሻል?»

«አንተስ የሞተ አይተሃል?»

«ወላሂ፣ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው የሚያውቀውን እንጠይቅ» አለችና አጎቴንም አስከትላ ተመልሳ ሄደች። ሐኪሙ ልጇ የሚሆን ወጣት ነው። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ «ልጄ፣ ሳትደብቅ ንገረኝ። ይሄ መርፌ ይገድላል?» አለችው።

አልደበቃትም። «አብዛኛው ሰው ትንሽ ካመመው በኋላ ቤቱ ይገባል። አልፎ አልፎ ግን ጉበት ይደማል፤ የምንፈራው እሱን ነው። ሞት እጅግ ብርቅ ነው፤ ጨርሶ የለም ግን አልልዎትም። ለዚህ ነው ደምዎ በደንብ መርጋቱን አስቀድሜ የማየው፣ በአልትራሳውንድ እያየሁ የምወጋው፣ ከዚያም ለሰዓታት የማላስነሳዎት። እርስዎም ያግዙኝ። ሆድዎን ወይም ቀኝ ትከሻዎን ካመመዎት፣ ራስዎን ካዞረዎት፣ ችዬ ልለፈው አይበሉ።»

«ትከሻና ጉበትን ምን አገናኛቸው?» አለ አጎቴ።

«ደም ውስጥ ለውስጥ ከፈሰሰ ሕመሙ እዚያ ድረስ ይሰማል።»

እናቴም «በል፣ ቢስሚላህ» አለች።

መርፌው ራሱ ትንፋሿን ይዛ እስክትለቀው አለቀ። በቀኝ ጎኗ አስተኟት፤ ነርሷ እየተመላለሰች የደም ግፊቷን ትለካለች። ከቀትር በኋላ ግን የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። «እማ፣ ምነው?» ብላት ጥርሷን ነከሰች። አነካከሷን አውቀዋለሁና ነርሷን ልጠራ ስነሳ ድንገት አፏን ከፈተች።

«ትከሻዬን! ኧረ ትከሻዬን! ጥሩልኝ ያን ልጅ!»

በዕድሜዬ እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ሐኪሙ ሮጦ መጣ። ግፊቷ ወርዷል፤ አልትራሳውንዱም በጉበቷ ዙሪያ ደም አሳየ። በሁለቱም እጇ ፈሳሽ ሰኩላት፤ ደምም ታዘዘላት። አጎቴ ማንም ሳይጠይቀው ደም ሊሰጥ እየሮጠ ወጣ። ሐኪሙ ከአጠገቧ ሳይርቅ ዋለ። ፀሐይ ጠልቃ ለመግሪብ ሲጣራ ግፊቷ ከፍ ብሎ፣ መድማቱ ያለ ቀዶ ሕክምና ቆመ።

«በጊዜ ስለተናገሩ ነው የደረስንልዎት» አላት።

«አልሐምዱሊላህ። መጮህም ለካ ትምህርት ይፈልጋል!» አለችና ሁላችንንም አሳቀችን።

ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ። ካንሰር አልነበረም። የገዛ አካሏ መከላከያ ጉበቷን እያጠቃው ኖሯል፤ ለዚህ ደግሞ መድኃኒት አለ። እንክብሉን አንድ ቀን ሳታዛንፍ ዋጠች። ከወራት በኋላ ማሳከኩ ጠፋ፣ ዐይኗ ጠራ፣ የጉበቷ ምርመራም ደህና ሆነ።

ለዒድ፣ ሐራ ከተማ የተዳረችውን እህቴን ልንጠይቅ አብረን ሄድን። ከመኪና ወርደን በእግር የሚኬደውን መንገድ እያወራችና ያገኘችውን ሁሉ ሰላም እያለች ቀደመችኝ። እኔ የሷ ልጅ፣ ልደርስባት አቅቶኝ ከኋላ እያለከለክሁ ተከተልኋት።