የቀበሌያችን ቴሌቪዥን ድምፅ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። «አባባ፣ እርስዎ ሁልጊዜ የሚያነሷቸው ሰውዬ እኚህ አይደሉም? ዐረፉ እኮ» አለችኝ። አየሁት። ፊቱ እሱ ነው። ያ ሰፊ ግንባር፣ ሊስቅ ሲል በአንድ ወገን ብቻ ከፍ የሚለው ከንፈር። ከስልኩ የወጣው ድምፅ ግን የሌላ ሰው ሆነብኝ፤ ቀጭን፣ ፈጠን ፈጠን የሚል።

«ይሄ እሱ አይደለም» አልኳት።

«ኧረ እሳቸው ናቸው፣ ስማቸው ተጽፏል።»

ደነገጥኩ። እርጅና ጉልበቴን ብቻ የወሰደ መስሎኝ ነበር። አሁን ደግሞ ወደ ጭንቅላቴ ወጣ ማለት ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ አሰበ ተፈሪ፣ ወፍጮ ቤት እሠራ ነበር። ሞተሩ ሲጮህብኝ ስለምውል ሰው ሲያወራኝ ከጉድጓድ የሚጣራ ይመስለኛል። እሁድ አመሻሽ ላይ ታጥቤ፣ ታጥቤም የማይለቀኝን የዱቄት ሽታ ይዤ፣ ከእናቴ ጋር ቀበሌ አዳራሽ እንሄዳለን። ቴሌቪዥኑ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሲከፈት የሞቀ አቧራ ይሸታል። ከዚያ ሰማያዊ ብርሃኑ በሰዉ ፊት ላይ ይፈስሳል፤ እሱም ይመጣል፣ የድሮ ድምፅ አልባ ፊልሞችን የሚያስተዋውቀው አቅራቢ።

ታዲያ የኛ ቴሌቪዥን ምስል እንጂ ድምፅ የለውም። አንድ ቀን መብራት ሲዋዥቅ ድምፁ ተቃጥሎ ቀረ፤ ጠጋኝ ከድሬዳዋ ይመጣል እየተባለ ሳይመጣ ከረመ። ፊልሙ እንደሁ ራሱም ዲዳ ነው፣ ምንም አልጎደለብንም። የጎደለን የአቅራቢው ንግግር ነበር። እሱን ድሬሰሩ ሞላልን።

ድሬሰሩ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነው፤ ሁላችንም ዶክተር ነበር የምንለው። «ከንፈሩን ነው የማነበው» ብሎ ከሳጥኑ አጠገብ ይቆማል። አቅራቢው አፉን ሲከፍት እሱም ይከፍታል። ወፍራም፣ ረጋ ያለ ድምፅ ነበረው፤ መርፌ ሲወጋ ሕፃን የሚያባብልበት ድምፅ።

«እንደምን አመሻችሁ የአሰበ ተፈሪ ሰዎች፣ ይላል!»

«እግዜር ይመስገን!» ይላል ግማሹ። «አልሐምዱሊላህ!» ይላል ግማሹ።

ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ጫት ነጋዴ «ማል ጄዳ? ምን አለ?» ስትለው በተሰባበረ ኦሮምኛ ይመልስላታል።

«አንተ ዶክተር፣ ኦሮምኛህም እንደ መርፌህ ያማል!» ትለዋለች። አዳራሹ በሳቅ ያልቃል።

አንድ እሁድ፣ የአንድ ሙሽራ ፊልም ነበር። ሙሽራው ትልቅ መስታወት በጀርባው አዝሎ ወደ ሙሽሪት ቤት ሲሄድ፣ መንገደኛው ሁሉ ፀጉሩን በመስታወቱ እያስተካከለ ይከተለዋል፤ እሱ አጃቢ የበዛለት መስሎት ደስ ይለዋል። ይህን ያየነው በኋላ ነው። ከፊልሙ በፊት፣ አቅራቢው ገና እያወራ ሳለ፣ እናቴ ብድግ አለች።

ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ነበር። እናቴ ሌሊት እየባነነች በር ትከፍታለች። ነጠላዋን እንደ ቤተ ክርስቲያን አጣፍታ ወደ ሳጥኑ ቀረበች።

«ዶክተር፣ እስቲ እኚህን ሰውዬ ጠይቅልኝ። እሳቸው ሁሉን ሰው የሚያዩ ናቸው። ልጄን አይተውት ይሆን?»

የሳቀ የለም። ድሬሰሩ እናቴን አየ፣ ዞሮ ቴሌቪዥኑን አየ። የአቅራቢው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ የድሬሰሩ አፍ ግን እንደተዘጋ ነው።

«አይዞዎት እማማ፣ ይላል» አለ በመጨረሻ። «ልጅዎ ባለበት ሁሉ እርስዎን ያስባል፣ ይላል።»

እናቴ ለሳጥኑ እጅ ነሳች። ከዚያን ቀን ወዲያ መባነኑን ተወችው።

ወንድሜ አልተመለሰም። እናቴ እስክታርፍ ድረስ «ያ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ነው ያጽናናኝ» እያለች በጸሎቷ ታነሳው ነበር። ድሬሰሩም አጠገቧ ሆኖ ሲሰማ «አሜን» ይላል እንጂ እኔ ነኝ ብሎ አያውቅም። ከዓመት በኋላ ወደ በደሳ ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

እንግዲህ አንተ ፍረደኝ። ያ ድምፅ ይኸው ስንት ዘመን ከዚያ ፊት ጋር ተጣብቆ ኖሮ፣ አሁን ሲላቀቅብኝ ምን ልሁን? ድሬሰሩ የምር ከንፈር ያነብ ነበር? ወይስ ያን ሁሉ እሁድ ከራሱ ሆድ ነው ያወራልን? የሞተው ማን ነው? ማንንስ ነው የማለቅሰው? ፊቱን ወደድኩ ልበል እንዴ፣ ወይስ ድምፁን? ያኔ ሁለት መሆናቸውን ዐውቅ ነበር። መቼ አንድ እንደሆኑብኝ ነው ያላወቅኩት።

ያን ዕለት ውጭ ባጃጅ ይጮህ ነበር። የልጅ ልጄ ስልኩን ልትዘጋ ስትል እጇን ያዝኳት።

«እስቲ ድምፁን ብቻ አጥፊልኝ።»

አጠፋችው። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፣ በአንድ ወገን ከፍ አለ። የሞቀ አቧራ ሸተተኝ። ወዲያው መጣ፣ ያ ወፍራሙ፣ ረጋ ያለው፦ እንደምን አመሻችሁ የአሰበ ተፈሪ ሰዎች፣ ይላል።

«እግዜር ይመስገን» አልኩ ጮክ ብዬ።

የልጅ ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «ለማን ነው የሚመልሱት አባባ?»

እኔስ መቼ አወቅኩት።