መስቀል ለመሳለም የተለቀቀው መሰላል

ዛሬ አባዬ ከጣሪያችን ጠርዝ በገመድ ተንጠልጥሎ ነበር። አትደንግጡ፤ ደህና ነው፣ እኛ ደንግጠንላችኋል።

ክረምት ሳይገባ ብሎ አሸንዳው ውስጥ የተጠቀጠቀውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ሊጠርግ መሰላል ላይ ወጣ። መሰላሉን አጎቴና ጎረቤታችን ጋሽ ተሾመ ያዙ። ሁለቱም ከመያዝ ይልቅ ማዘዝ ይቀናቸዋል።

«አባዬ፣ ወገብህ ላይ ገመድ እሰር» ስለው፣ «እኔ በግ ነኝ እንዴ?» አለኝ። እማዬ ስትቆጣ ግን ታሰረ። ሌላውን ጫፍ በጣሪያው አሻግሬ ጓሮ ያለው ጽድ ላይ አጠበቅኩት።

ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው የንስሐ አባታችን በበሩ ገቡ። አጎቴና ጋሽ ተሾመ መሰላሉን ለቀው መስቀል ሊሳለሙ ሮጡ!

መሰላሉ ተንሸራቶ ወደቀ። አባዬ ገመዱ ላይ ቀረ።

«ኧረ መጀመሪያ መሰላሉን!» ብለው የጮኹት ራሳቸው አባ ናቸው። መሰላሉ ተመልሶ እስኪቆም እማዬ፣ አባዬን ምጥ የያዘው ይመስል፣ «ማርያም ማርያም» ትላለች።

ይኸው አሁን ለአክስቴ ደውሎ «ገመዱን ያሰብኩት እኔ ነኝ» እያለ ነው። ይበል፤ ብቻ ሙሉ አካሉን ይዞ ይዋሽ።

የእናንተስ ቤት ጣሪያ ላይ ማን ወጣ? መሰላሉንስ ማን ያዘ?