ሦስት ቀን ለብቻዬ የጠጣሁት ተልባ

የያዙኝ ቆሰበር ገበያ፣ ሽንኩርቴን ዘርግቼ እንደተቀመጥኩ ነው። ልጄ ከሰልፈኞች ጋር ታይቶ ጠፍቶ ነበርና «እሱ እስኪመጣ አንቺ ትቆያለሽ» አሉኝ። በባጃጅ ወደ እስር ቤት ወሰዱኝ። ክፍሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ ስድስት ሴቶች ሆንን። ጥግ ላይ ያሉት አሮጊት ከዘንገና ወገን ናቸው፤ የሸሹ ተማሪዎችን ቤታቸው አሳደሩ ተብለው ነው የመጡት። እማማ እንላቸዋለን።

መርማሪው «ከአሮጊቷ ጋር እንዳትገጥሚ፤ ለልጅሽም አይበጅም» አለኝ። እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም። ያለኝን አመንኩ።

ዐቢይ ጾም ነበር። እህቴ የተቆላ የተልባ ዱቄት አመጣችልኝ፤ በር ላይ ለጠባቂዎቹ ቀምሳ አሳይታ አስገባች። ደረቅ ዳቦ የዋለበትን አንጀት ተልባ ያለሰልሰዋል፣ የጨጓራ ቃጠሎም ያበርዳል። ውሃ ካላበዙበት ግን እሱ ራሱ ያደርቃል። ይህን ከእናቴ ነው የማውቀው።

እማማ ሆዳቸው ከደረቀ ሰንብቷል። ሽንት ቤት ስንሄድ ጠባቂዋ እላያችን ትቆማለች፤ እሳቸው ሰው እያየ አይሆንላቸውም። ሆዳቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈው ይውላሉ። እኔ ፊቴን አዙሬ ተልባዬን በጥብጬ እጠጣለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ አደረግሁ። ሽታው ይደርሳቸዋል። አንድም ቀን ስጪኝ አላሉም።

በአራተኛው ቀን ጧት ማቃሰት ጀመሩ። ጠባቂዋ ዞር ስትል የቀን ውሃዬን ሁሉ ጨምሬ በጣሳ በጠበጥኩላቸው።

«እማማ፣ ሳትመጣ ቶሎ ይጠጡት።»

«ቅዳሴ ሳይወጣ?»

«ታመዋል እኮ። እግዜር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። አንቺ የፈራሽው እሱን መች ሆነና።»

ጣሳውን አጠገባቸው አስቀመጡት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጠባቂዋ እንደ ልማዷ በሩን ከፍታ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። እማማ አማተቡና እያየቻቸው አነሱት።

«ማነው የሰጠዎት?»

«እግዜር።»

ጠባቂዋ ወደኛ ዞረች። ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«የተልባ ማኅበር ጀመራችኋላ» አለች። ጣሳው ውስጥ አየችና፣ «ከጧት ተቀምጦ ወፍሯል፤ ውሃ ጨምሪላቸው» ብላ ከወንበሯ ሥር የነበረውን የውሃ ጀሪካን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ።

በቃ፣ ይኸው ነው። መርማሪውም አልጠራኝም። በማግስቱ እማማን ቀለል አላቸው። ከሳምንት በኋላ ልጄ ሳይገኝ እኔ ተፈታሁ፣ እሳቸው ቀሩ።

ዛሬ ጎረቤት ሆዱ ሲደርቅበት ተልባ ጠጡ፣ ውሃ አብዙበት እላለሁ። እነዚያን ሦስት ቀናት ግን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ቢቀጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለካ የፈራሁት እውነት ነው እል ነበር። ምንም አልሆንኩም። በመጀመሪያው ቀን ብሰጣቸውም ምንም አልሆንም ነበር።