ደህናዎቹ ሳምንታት

ግራ ጡቴን በቀዶ ሕክምና ያስወጣሁት ምዕራብ ዓባያ ውስጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ ነው። ሥራዬ የእግር ሥራ ነበር፤ ከአንዱ የሙዝ ማሳ ወደ ሌላው እየዞርኩ ገበሬዎችን አማክራለሁ። ቤታችን አርባ ምንጭ ስለሆነ ጠዋት በሚኒባስ ሄጄ አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ። ቁስሉ ሲጠግግ ሐኪሙ ኬሞ እንደምጀምር፣ ከዚያም አዲስ አበባ ሄጄ ጨረር እንደምወስድ ነገረኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የሰው ሀብት ኃላፊዋ እናቴን የሚያህሉ፣ ድምፃቸው ቆጣ ያለ ሴት ነበሩ። በሩን ዘግተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስሚኝ ልጄ። የሕመም ፈቃድ መጀመሪያ ሙሉ ደመወዝ አለው፤ ቀጥሎ ግማሽ ይሆናል፤ በመጨረሻ ምንም የለም። በአንድ ጊዜ አትጨርሺው። መድኃኒቱን በወሰድሽበት ሳምንት ተኚ፣ ሲሻልሽ ሥራ ግቢ። ለጨረሩ ጊዜ ያስፈልግሻል።»

«እትዬ፣ ቢሻለኝም ማሳ ለማሳ መዞር አልችልም። እጄም አይነሳልኝም።»

«እሱን የምወስነው እኔ አይደለሁም፤ የሐኪሞች ቦርድ ነው። እዚያ ስትቀርቢ ደግሞ ጎበዝ ልምሰል እንዳትዪ።»

ቦርዱ ፊት ስቀርብ ምክራቸውን ረሳሁት። «ክንድሽን ወደ ላይ አንሺ» ሲሉኝ እስከ ትከሻዬ ደረሰና አልሄድም አለ። በቀኝ እጄ ደግፌ ልገፋው ስል አንደኛው ሐኪም ቀስ ብሎ «ተዪው፤ እንዳለ እንየው» አለኝ። ከታመምኩ ጀምሮ ለባለቤቴ፣ ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ደህና ለመምሰል ስደክም ከርሜ ነበር። እዚያ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ፊት፣ አለቀስኩ። ፀሐይና ሸክም የሌለበት ቀላል ሥራ እንዲሰጠኝ ጻፉልኝ።

የተሰጠኝ ቦታ የገበሬዎች ማሰልጠኛ ግቢ ነበር። ግቢው ውስጥ ባለ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበርና ጠረጴዛ አወጡልኝ፤ ምክር የሚፈልግ ገበሬ ወደ እኔ ይምጣ ተባለ። ማንም አልመጣም። በሽተኛ ማስቸገር አፍረው እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ያን ጊዜ ግን ያለ ሥራ ደመወዝ የምበላ እየመሰለኝ፣ የግቢው ዘበኛ ባየኝ ቁጥር ወረቀት አገላብጥ ነበር።

አንድ ቀን ለዓመታት ማሳቸውን የማውቀው ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ጠርዙ የነደደ የሙዝ ቅጠል ተሸክመዋል።

«አንተ ወደ እኛ ካልመጣህ፣ እኛ ወደ አንተ መጣን» አሉኝ።

አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው፤ አማርኛን የለቀሙት ከገበያ ነው። ወንዱም ሴቱም ለሳቸው «አንተ» ነው። አብረን ስንስቅበት የኖርን ነገር ነበር። ያን ቀን ግን ከሻሹ ሥር ፀጉር የለኝም፤ ቀሚሴ በአንድ ወገን ተኝቷል። «አንተ» የምትለዋ ቃል ልቤን ወጋችው፤ ፊቴን አዞርኩ።

ባለቤታቸው አይተውኝ ኖሮ በጋሞኛ ሹክ አሏቸው። ሽማግሌው ክው አሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቃል እንደ እንቁላል ይዘው ነው የተናገሩት። «አንቺ… ይህን ቅጠል እይ… እዪ። አንቺ ምን ትያለሽ?» ቅጠሉን አይቼ ማድረግ ያለባቸውን ነገርኳቸው። ሲወጡ ያ ጢማም ዘበኛ በር ሲከፍትላቸው፣ «አንቺ፣ ደህና ዋዪ!» ብለውት ሄዱ። ዘበኛው አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ የስፌቱን ቦታ በእጄ ይዤ ሳቅኩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሴትዮዋ ብቻቸውን ተመለሱ። ደጋው ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ልጅ ናቸው፤ ጥጥ ሲፈትሉ ነው ያረጁት። ከመቀነታቸው ትንሽ የተሰፋች ከረጢት አወጡ። ውስጧ የተነደፈ ጥጥ ነው፤ ባዘቶ፣ እንደ ጉም የሳሳ።

«ለዚህ» አሉ፣ የራሳቸውን ግራ ደረት እየነኩ። «አይወጋም።»

ቤት ገብቼ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኳት። ለስላሳ ናት፤ ግን ከመቅለሏ የተነሳ ስራመድ ወደ አንገቴ ትወጣለች። በሌላ የገበያ ቀን ለሴትዮዋ ስነግራቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ወስደው ከባዘቶው መሃል ጥቂት የማሽላ ፍሬ ጨመሩባት፤ ከዚያ በቦታዋ ተቀመጠችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም መምጣት ለመዱ። አንዱ ቅጠል፣ ሌላው የተበላ ሥር ይዞ ይመጣል፤ እስኪመሽ ፋታ የማላገኝባቸው ቀኖች ነበሩ። ከኬሞ በኋላ ያለውን ክፉ ሳምንት ቤቴ እተኛለሁ፤ ውሃ እንኳ ብረት ብረት ይለኛል። ሲለቀኝ ወደ ማንጎው ሥር እመለሳለሁ። ኃላፊዋም በየጊዜው ይደውላሉ። «የሐኪም ወረቀትሽን በሰዓቱ ላኪ፤ ቆይቶ ከመጣ አልቀበልም» ይላሉ ቆጣ ብለው፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን በላሽ?» ይሉኛል።

አዲስ አበባ ለጨረር ስሄድ ፈቃዴ ገና አላለቀም ነበር። ባለቤቴ፣ አስተማሪ ነው፣ ትምህርት ቤት ለሴሚስተር ዕረፍት ሲዘጋ መጥቶ አብሮኝ ሰነበተ። ጨርሰን አርባ ምንጭ ስንገባ በማግስቱ ለኃላፊዋ ደወልኩ። «ሰኞ እገባለሁ» አልኳቸው።

«ሐኪሙ ዕረፍት ጽፎልሽ የለም እንዴ?»

«ጽፎልኛል። ግን…»

«ግን የለም። ይህ ያንቺ ነው። ምጽዋት አልሰጠሁሽም።»

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ወደ ትምህርት ቤት ሊሄድ ልብሱን ለባብሶ እኔን አልጋ ላይ ሲያየኝ ደነገጠ። «አመመሽ?»

«አላመመኝም» አልኩት። «ዐርፌ ነው።»

 ከዚያ መስኮቱን ከፈተልኝና በእግሩ ጫፍ እየተራመደ ወጣ። የሚኒባሶቹ ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማኛል፤ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዬ ስቤ ተመልሼ ተኛሁ።