ለአው ዩሱፍ ትንፋሽ

ሥርጉት በልጅነቷ ክላርኔት ስትይዝ ከንፈሯን እንዴት እንደምትገጥም ያሳዩዋት አው ዩሱፍ ነበሩ። ዛሬ እሷ የሐረር አንድ ባንድ አቀናባሪና መሪ ስትሆን፣ እሳቸው ባሪቶን የሚባለውን ድምፀ ወፍራም የናስ መሣሪያ የሚነፉ የባንዱ አንጋፋ ናቸው።

ዘንድሮ ለአደባባዩ ኮንሰርት የመረጠችው የአንድ ፊልም ሙዚቃ ነው። በፊልሙ አንድ አባት የጠፋ ልጁን ፍለጋ በወንዝ ዳር ሲሄድ፣ በቀስት የሚጫወቱት ቼሎ ብቻውን ያንጎራጉራል። አው ዩሱፍ በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤት ከሰሙት ወዲህ፣ «ይህን ሳልነፋ አልሞትም» ይሉ ነበር። ባንዱ ግን ባለ ክር መሣሪያ የለውም። ሥርጉት የቫዮሊኖቹን ድርሻ ለክላርኔቶች፣ የቼሎውን ለባሪቶን ሰጠች። ቀስት ትንፋሽ አያጥረውም፤ ሰው ግን ያጥረዋል።

በመጀመሪያው ልምምድ አው ዩሱፍ ረጅሙን ዜማ ከመካከሉ አቋረጡት። ደግመው ሞከሩ፤ እንደገና ተቋረጠ።

«አው ዩሱፍ፣ ሳንባዎን ለጀጎል ዳገት አበደሩት እንዴ?» አለ ጥሩምባ ነፊው ኒቆዲሞስ።

ሁሉም ሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ባሪቶኑን በጨርቅ ሸፍነው ወደ ሥርጉት ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ ዜማውን ለኒቆዲሞስ ስጪው። ወላሂ አይከፋኝም» አሏት። መከፋታቸው እንዳይታይ ፈጥነው ወጡ።

ዜማውን አሳጠረችው፤ ያ የተመኙት ዜማ መሆኑ ቀረ። በየመካከሉ እረፍት አስገባችበት፤ እንደሚያነክስ ሰው ሆነ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ እጅ ሰጥታ፣ ዜማውን ለኒቆዲሞስ መስጠቷን ልትነግራቸው በኤረር በር በኩል ወደ ቤታቸው አመራች።

ጠባቡ መንገድ ላይ ሳለች ከግንብ ማዶ የዚክሪ፣ የሐረሪዎቹን መንፈሳዊ ዝማሬ፣ ድምፅ ሰማችና ቆመች። መሪው ቃሉን ሳይጨርስ ሌሎቹ ከሥሩ ይቀበሉታል። እሱ ይተነፍሳል፤ ዜማው ግን አይቆረጥም። በራቸውን ሳታንኳኳ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ልምምድ ለምና ባሪቶኑን አስያዘቻቸው። ትንፋሻቸው ሊያልቅ ሲል ክላርኔቶቹ ከሥር በለሆሳስ ገቡ፤ ተንፍሰው ሲመለሱ ዜማው ጠበቃቸው። ጨርሰው አተኩረው አዩዋት።

«አንቺ የለተማርያም ልጅ፣ ይህን ዚክሪ ማን አስተማረሽ?»

«የሰፈርዎ ግንብ።»

«ማሻአላህ!» አሉ፤ ዓይናቸውን በባሪቶኑ ጨርቅ ጠረጉ።

በኮንሰርቱ ዕለት ሁሉም እንደተጻፈው ሄደ። ሊያበቃ ሲል ግን፣ ሥርጉት ፈጽሞ ባላሰበችው ቦታ ላይ፣ የአው ዩሱፍ ትንፋሽ አለቀ። የምትመራበት እጇ አየር ላይ ቀረ። በዚያ ቦታ ዝም ማለት የነበረበት ኒቆዲሞስ የጥሩምባውን አፍ በባርኔጣው ሸፍኖ ያንኑ ድምፅ ተቀበለ። ከሹክሹክታ አይበልጥም ነበር። አው ዩሱፍ ሙሉ ትንፋሽ ስበው ተመለሱና ዜማውን ራሳቸው ጨረሱት።

ጭብጨባው ሲበርድ ሥርጉት፣ «እዚያ ላይ እኔ ምንም አልጻፍኩም» አለች።

አው ዩሱፍ የኒቆዲሞስን ክንድ ያዝ አድርገው፣ «አቦ! ሳንባዬን ያበደርኩት ለዳገቱ ሳይሆን ለዚህ ኖሯል፤ ዛሬ መለሰልኝ» አሉ።

ወደ ጀጎል ሲመለሱ ኒቆዲሞስ ባሪቶኑን ልሸከምልዎ ቢላቸው፣ እምቢ አሉት።