ከጥር አራት እስከ ጥር አሥራ ሁለት

አዲስ ጆንያ ሽታው ይለያል። የገመድ፣ የማሽን ዘይትና የሰሊጥ አቧራ ተቀላቅሎበት አፍንጫን ይኮረኩራል። በዚህ በጥር ወር ከካርቱም ጦርነት ሸሽተው ገዳሪፍ የገቡ ሰዎች በተጠለሉበት ትምህርት ቤት፣ አንዱን ክፍል ለሁለት ቤተሰብ ለመጋረድ ጆንያ ከጆንያ ስሰፋ ያ ሽታ መጣብኝ። መርፌውን እንደያዝሁ ቆምሁ። ጋሼ ፈንታ ከሞቱ ስንት ዓመታቸው! እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ልውደዳቸው ልቀየማቸው አላውቅም።

ጋሼ ፈንታ የሰፈራችን ሰው ነበሩ። ጎንደር የታሪክ መምህር ነበሩ ይባላል። እኔ ያወቅኋቸው ግን ገዳሪፍ እህል ገበያ፣ ሰሊጥ የሞላ ጆንያ አፉን ሲሰፉ ነው። አጭር፣ ከሲታ፣ የመነጽራቸውን አንድ ክንድ በጆንያ ክር ያሰሩ፣ በሳቁ ቁጥር የሚያስላቸው። ሱዳኖቹ ሸክም ሲያሸክሟቸው እንኳ «ያ ኡስታዝ»፣ አንተ መምህር፣ እያሉ ነበር።

አርብ ገበያ ስለሚዘጋ ከሰዓት በኋላ ደጃቸው ላይ በተሠራው የሣር ዳስ ሥር የስደተኛውን ልጆች ሰብስበው ታሪክ ያስተምሩን ነበር። ሰሌዳ የለ፣ ጠመኔ የለ። ባዶ ጆንያ ግድግዳ ላይ ይወጥሩና በቀይ ክር መስመር ይሰፉበታል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄድ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ይታጠፋል። «እዚህ ላይ አገር ታጠፈ» ይላሉ። መተማ ላይ ንጉሥ የወደቀበት ቀን አንድ መታጠፊያ ነው። ድንበሩ የተሰመረበት ሌላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱበትም አለ። ከእኛ ጋር ሊማሩ የሚመጡ የሱዳን ልጆችም ስለነበሩ የእነሱ ባንዲራ የተሰቀለበት ቀንም በዚያው መስመር ላይ ተሰፍቷል። እኛ ጦርነቱን ማን አሸነፈ ብለን ስንጨቃጨቅ እሳቸው ሌላ ነገር ይጠይቁናል።

«ያን ቀን ገበያ የወጣች ሴት ምን ገዝታ ተመለሰች?»

ማናችንም አናውቅም። «እኔም አላውቅም» ይሉና ይስቃሉ፣ ከዚያ ሳሉ ይከተላል። ጥያቄው ያን ጊዜ የሽማግሌ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስጠኑን ግን የዘመን አቆጣጠር ነው። ገዳሪፍ ውስጥ አንድ ቀን ሦስት ስም አለው። የሂጅራው አለ፣ የፈረንጁ አለ፣ የእኛ አለ። ቢሮ የሚሠራው በፈረንጁ ነው፤ እናቶቻችን ደግሞ ከሚካኤልና ከማርያም ቀን ሌላ አያውቁም። ስለዚህ በጣታችን እያስቆጠሩ በዜማ ያስደግሙን ነበር። ከፈረንጁ ጥር ስምንት ቀን ሲቀነስ የእኛው ጥር ይገኛል። በእንቅልፌ ብትጠይቁኝ እንኳ ስምንት እል ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አገር ቤት መንግሥት ከተለወጠ ከራርሞ ነበር። ጋሼ ፈንታ በጆንያው ላይ ትልቁን መታጠፊያ ሰፍተው ጨርሰዋል። ስደተኛውን የሚመልሱ መኪኖች ሊመጡ ነው ተባለ። ሰፈራችን ውስጥ የተመዘገቡት ሰባት ቤተሰቦች ነበሩ፤ እኛም አንዱ ነን፣ ብቻቸውን የሚኖሩት ጋሼ ፈንታም አንዱ። ከእነዚያ ሰዎች ውስጥ የስደተኞች ቢሮውን ማስታወቂያ አንብቦ የሚረዳ ጋሼ ፈንታ ብቻ ስለነበሩ አንብበው እንዲመጡ እሳቸው ተላኩ። ተመልሰው ሲመጡ ደጃችን ላይ ቆመው «ጥር አሥራ ሁለት» አሉ።

እናቴ እልል አለች። ጥር አሥራ ሁለት የጥምቀት ማግስት ነው። በዓሉን እዚሁ አክብረን፣ ታቦት ሸኝተን፣ በማግስቱ አገራችን! አባቴ አልጋችንን ለጎረቤት ሰጠ። እናቴ ድስቶቹን በአንሶላ ቋጠረቻቸው። እኔ ለጥምቀት የተገዛልኝን ቀሚስ ጎንደር ስገባ እንዲታይልኝ ብዬ በበዓሉ ቀን አልለብስም አልሁ፤ ለዚያም ተቆጡኝ።

በጥር አሥራ ሁለት ጠዋት ዕቃችንን በአህያ ጋሪ ጭነን መኪኖቹ ወደሚነሡበት፣ ከከተማው ርቆ ወዳለው መጠለያ ሄድን። ስንደርስ ሜዳው ባዶ ነበር። ጥቁሩ አፈር ላይ የከባድ መኪና ጎማ ዱካ ይታያል፤ ንፋስ ፌስታል ያንከባልላል። ከጥላ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ ዘበኛ ተነሥቶ ወደ እኛ መጣ።

«ኸላስ፣ ሄደዋል እኮ» አለ፣ አማርኛና ዐረብኛ እያደባለቀ። «ስምንት ቀናቸው። የት ነበራችሁ?»

ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የፈረንጁ አሥራ ሁለት ነበር። በእኛ ጥር አራት መሆኑ ነው። ሁሉም ሰው ወደ ጋሼ ፈንታ ዞረ። እሳቸው የቆርቆሮ ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ነበር፤ ቀና አላሉም። እኔ ደግሞ የልጅ ነገር፣ ጣቴን አውጥቼ ቆጠርሁ። ልክ ስምንት።

ሌላ ዙር ከክረምት በኋላ ይኖራል ተባለ። እስከዚያ አባቴ ዘይት መጭመቂያ ቤት ሥራ ያዘ፣ እናቴ ወንድሜን ወለደች፣ እኔም በዐረብኛ ማንበብ ጀመርሁ። ዙሩ ሲመጣ አባቴ «እስቲ የሚቀጥለውን እንይ» አለ። እንዲህ እያልን እዚሁ አደግን፣ እዚሁ ወለድን። አሁን ልጆቼ አማርኛ ሲያወሩ ግማሹ ዐረብኛ ነው።

እናቴ ይቅር አላለቻቸውም። ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት በነበረው ሳምንት ለጋሼ ፈንታ ከጎንደር ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር። ሚስታቸው እሳቸው ሞተዋል ብላ ሌላ ሰው አግብታለች። «እሱ የሚመለስበት ቤት አጣ፣ ብቻውን ላለመቅረት እኛንም አስቀረን» ትል ነበር እናቴ። አባቴ ግን «ተይ እባክሽ፣ ሰው እኮ ይሳሳታል» ይላታል። ይህን ሲል ፊቱ ላይ የማየው እፎይታ ይሁን ሐዘን አይገባኝም ነበር፤ ዛሬም አልገባኝም። ሌላውን ሁሉ ያስቆጠሩ ሰው ስምንትን እንዴት ይረሳሉ? ደግሞስ አውቆ ይህን የሚያደርግ ሰው በየአርቡ እኛን ፊት ለፊት እያየ እንዴት ያስተምራል?

ካገባሁ በኋላ አንድ ቀን ገበያ አገኘኋቸውና ጥርሴን ነክሼ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ያኔ ረስተውት ነው ወይስ አውቀው?»

የያዙትን ጆንያ ሰፍተው ጨረሱ፤ ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡ።

«ልጄ፣ እኔም ራሴን እጠይቀዋለሁ» አሉኝ። «ስምንት መቀነስ እጄ ያውቀው ነበር። ያን ቀን እጄ አልሄደልኝም። ለምን እንዳልሄደ እግዜር ይወቀው።»

ተናድጄ ሄድሁ። መልስ ነው ይህ? ጥፋተኛ ነኝ ቢሉኝ እሰድባቸው ነበር፤ ተሳሳትሁ ቢሉኝ ደግሞ እምራቸው ነበር።

ሲሞቱ ጎረቤቶቻቸው ጆንያውን ለእኔ ሰጡኝ። ከቆርቆሮ ሳጥናቸው ውስጥ ተጣጥፎ ተገኘ። ዘርግቼ አየሁት። መተማ አለ፣ ዙፋኑ አለ፣ ከዚያም ትልቁ መታጠፊያ። ከእሱ ቀጥሎ ግን እኛ ያልተማርነው ነገር ተሰፍቷል፤ በነጭ ክር ስምንት ትንንሽ ስፌት። ከስምንቱ በኋላ ሰባት ክሮች ከመስመሩ ተነጥለው ወደ ጆንያው ጠርዝ ይወርዳሉ። በእያንዳንዱ ክር ጫፍ የአንድ አባወራ ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል። ሦስተኛው የአባቴ ነው። ሰባተኛው ላይ «እኔ» ይላል። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ረዥም ጊዜ ተመለከተችውና አጣጥፋ መለሰችልኝ።

ዛሬ ጆንያ ስሰፋ ዘነቡ መጣች። ዘነቡ በግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት፤ ልጆቻችንን አብረን ነው ያሳደግን። ጦርነቱ ስላስፈራት ወደ መተማ መሄድ ቆርጣለች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የአውቶቡሱ ቀን በዐረብኛ ተለጥፏል።

«እህቴ፣ ቀኑን በአማርኛ ጻፊልኝ፤ ለሌሎቹም አሳያለሁ» አለችኝ።

እስክሪብቶውን ያዝሁ። የፈረንጁ ሃያ ስድስት ይላል። ስምንቱን በልቤ ቀነስሁ፣ ቁጥሩም ወዲያው መጣልኝ። ዘነቡ እንደ ሕፃን አምናኝ እጄን ታያለች፤ ነገ ከነገ ወዲያ ግድግዳዬን ተደግፋ የምትጠራኝ ሴት አትኖርም። እጄ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

«ምነው? አልገባሽም?» አለች።

«ገብቶኛል» አልኋትና ጥር አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍሁላት።