ብርቱካንማው ተሳፋሪ

እ.ኤ.አ. በ2021 መጸው ሎን ማውንቴን ከሚባል ሰፈር በታክሲዬ ያሳፈርኳቸው ፈረንጅ ሽማግሌ ከኮፍያ እስከ ካልሲ፣ የኮሮና ማስካቸው ሳይቀር፣ ብርቱካንማ ለብሰዋል። ጠመንጃቸውን ከፍተው ጥይት እንደሌለበት አሳዩኝና በሳጥን ቆለፉት። የታክሲው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከጫንነው በኋላም ወርደው ቁልፉን ደግመው ቼክ አደረጉ።

«ጥቁር ድብ ላድን ነው» አሉኝ።

«ድቡ ይህን ልብስ አይቶ አይሸሽም?»

«ይሽሻ! እኔ የምፈራው ወንድሜን ነው። አንድ ጊዜ አብረን ስናድን ጥቁር ካፖርት ለብሼ ቁጥቋጦ ውስጥ ጎንበስ ብል፣ ድብ መስዬው ተኮሰብኝ።» የጎደለውን የጆሯቸውን ጫፍ ዳበሱ።

«ታዲያ አሁን ከማን ጋር ነው የሚሄዱት?»

«ከእሱ ጋር ነዋ! ቦልደር ሲቲ እየጠበቀኝ ነው። አምና ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እኔ ካልወሰድኩት ከቤት አይወጣም።»

ማስካቸውን አስተካከሉና «ዘንድሮ ግን ከፊት የሚሄደው እሱ ነው» አሉኝ።